መንጋጋ

ከልጅነቴ ነው፤ ሰው ባጠገቤ ሲከፋው
ግራ መንጋጋዬን አንድ ነገር የሚነክሰው።
ጎረቤታችንን በሌሊት ባሏ ሲመታት — ጥርሴን፤
ታናሽ ወንድሜ ብይ ተበልቶ ሲመጣ — ጥርሴን፤
ሜዳ ዳር፣ ሁለቱም ቡድን ሳይመርጠው የቀረውን ልጅ
ሳይ እንኳ — ጥርሴን።

እናቴ ቅርንፉድ አስነክሳኝ፣ ጨው በጥብጣ አጉመጥምጣኝ፣
ሲሰለቻት መናኸሪያ ጋ ካለው ክሊኒክ ወሰደችኝ።
ሐኪሙ በባትሪ አየ፤ በብረት ቆረቆረ፤
«አልተበላም፣ ደህና ነው» ብሎ ደረሰኝ ላይ ጫረ።
«ታዲያ ለምን ታለቅሳለች?»
«ከረሜላ ታቁም» አላት።
ከረሜላ አልወድም።

ዘጠነኛ ቢ፣ በመስኮቱ በኩል፣ ሦስተኛው ወንበር፣
ከላሚሶ ጋር ነው የምቀመጠው።
አባቱ ዓሣ አጥማጅ ነበር።
በየካቲት አንድ ንጋት ጀልባው መጣ፣ እሱ ቀረ።
ጉማሬ ነው አሉ፤ አንዱ ነፋስ አለ፤
ሌላው መረቡን ወቀሰ፤
ሐይቁ እንዳልሰማ ሰው
ለስልሶ ዋለ፣ ለስልሶ አመሸ።

በሁለተኛው ሳምንት ላሚሶ ክፍል መጣ።
ደብተሩን ገለጠ፤ ቀኑን ጻፈ፤
ከሥሩ በማስመሪያ
አንድ ቀጥ ያለ መስመር አወጣ።
እኔ ጉንጬን በመዳፌ ደግፌ ጠበቅሁ።
ምንም።
በምላሴ ጎረጎርኩት።
ምንም።
ባጃጅ ውስጥ ያየኋት፣ ስሟን የማላውቃት ሴት አልቅሳ
ቀን ሙሉ እህል ያስከለከለኝ ጥርስ
ለላሚሶ ሲሆን እንደ ድንጋይ ተኛ።

አፈርኩ።
ሌሎቹ መጡ፤ «አይዞህ» ብለውት ዞሩ፤
መምህርት ዘነበች ትከሻውን ነካች፤
የክፍል አለቃው ያዋጣነውን ብር በፖስታ አቀበለው።
እሱ ለሁሉም «እሺ» ይላል፤
አንዲት «እሺ»፣ እንደ ሱቅ መልስ
ተቆጥራ የምትሰጥ።
እኔ ብቻ ዝም አልኩ።
ምን ልበል፣ ሳያመኝ?

ቅዳሜ አሞራ ገደል ወረድኩ።
አባ ኮዳዎቹ ኮታቸውን ደርበው፣ አንገታቸውን ቀብረው
ለቀስተኛ ይመስላሉ፤
የሚጠብቁት ግን አንጀት ነው።
ላሚሶ የአባቱን ሸራ አገልድሞ ቆሮሶ ይበልታል፤
ሸራው ረዝሞበት ጭቃ ይጠርጋል።
«ምን ልትሠሪ መጣሽ?»
«እንጃ።»
«መበለት ትችያለሽ?»
«አልችልም።»
ቢላዋውን አዙሮ፣ በእጀታው በኩል፣
«ያዢ» አለኝ።

ስለ አባቱ አላነሳንም። ስለ ፈተናም አላነሳንም።
ቅርፊት እየፈናጠረ ዓይናችን ሥር ተለጠፈ፤
እኔ አንድ ስጨርስ እሱ ስድስት፤
ፀሐይ ታቦርን ለቃ አናታችን ላይ ወጣች።
ሰባተኛው ዓሣ ከእጄ አመለጠ፤
ቢላዋው አውራ ጣቴን አገኘው።

«ምንም አይደል» ልል አፌን ስከፍት
ላሚሶ ጉንጩን ያዘ።
የግራውን።
«ኧረ...» አለ፣ «ጥርሴ... ምን ሆነብኝ?»
ጣቴን አየ፤ ሸራውን አየ፤
ሐይቁን ለማየት ጀመረና ተወው።
«አባቴ እኮ» አለኝ፣ «ሁልጊዜ እዚህ ጋ ነበር የሚቆረጠው»፤
የራሱን አውራ ጣት አሳየኝ፣ ጠባሳ የሌለውን፤
ከዚያ ያ ሲቆጠር የከረመ «እሺ»
ሳይቆጠር፣ ድምፅ እያወጣ፣ በአፍንጫው ጭምር ወጣ።
ያኔ ነው መንጋጋዬ የመጣ።
እንዲያ አሞኝ አያውቅም።
እንዲያም ደስ ብሎኝ ታምሜ አላውቅም፤
ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

አጎቱ ቅርጫት ተሸክሞ ሲመለስ
ድንጋይ ላይ ተቀምጠን፣ ጎን ለጎን፣ ጉንጫችንን ይዘን አገኘን።
«ሁለታችሁንም ጥርስ?»
አናቱን ነቅንቆ፣ ጣቴን በጨርቅ አስሮ፣
«ከረሜላ ነው» አለ።
ላሚሶ ሊስቅ ፈለገና አመመው።

ሰኞ ደብተሩን ገለጠ፤ ቀኑን ጻፈ።
ማስመሩን ረሳው።
እኔም አላስታወስኩትም።